ጎመኑ ተበሳሳ ማለት ጠፋ ማለት ነውን?

የጓሮ አትክልትን በሚመለከት ከሰሜን ሸዋ አንባቢያን የደረሱንን አምስት ደብዳቤዎች በዚህ እትም ባንድ ላይ አቅርበናል። የላኪዎቹ ቀዬ ከመንዝ ብርድ እስከ ሸዋ ሮቢት ሙቀት የተራራቀ ቢሆንም የሁሉም ጥያቄ አንድ ነው፤ ቅጠል ላይ የሚታየው ተባይ በእውነት ምርት ይቀንሳል ወይስ ዓይንን ብቻ ነው የሚያስከፋው? ለቦታ ስንል ደብዳቤዎቹን አሳጥረናቸዋል።

ጥያቄ፦ የምኖረው ደብረ ብርሃን፣ ጠባሴ ነው። በጓሮዬ ስድስት መደብ ጥቅል ጎመን፣ ከአጥሩ ሥር ደግሞ የቆየ የሐበሻ ጎመን አለኝ። ከጥቅምት ወዲህ የጥቅል ጎመኑ ቅጠል ወንፊት መሰለ። ጎረቤቴ በሃይላንድ ቀድታ የሰጠችኝን መድኃኒት በሁለት ሳምንት ውስጥ ሦስት ጊዜ ረጨሁበት። ትሉ ለጥቂት ቀን ጠፍቶ ተመለሰ፤ አሁን ደግሞ አመድ የተነሰነሰበት የሚመስል ቅማል ወሮታል። ትሉ በእርግጥ ጎመኑን ያጠፋዋል ወይስ በከንቱ እየደከምኩ ነው? የተረጨውንስ ለልጆቼ ባበላቸው ችግር አለው?

መልስ፦ ከመጨረሻው ጥያቄዎ ልጀምር፤ እሱ ለሌላ ቀን የሚያድር አይደለምና። የተረጨውን ጎመን ለልጆችዎ አይስጡ፤ ለላምም አይጣሉላት። ፀረ ተባይ ከተረጨ በኋላ አትክልቱ እስኪለቀም ስንት ቀን መታገሥ እንደሚገባ በማሸጊያው ላይ ይጻፋል፤ የቀኑም ብዛት እንደ መድኃኒቱና እንደ አትክልቱ ዓይነት ይለያያል። በሃይላንድ ተቀድቶ የመጣ መድኃኒት ግን ስሙም፣ መጠኑም፣ የመታገሻው ቀንም አይታወቅም። ማጠብ ከላይ ያለውን በመጠኑ ያነሣ ይሆናል እንጂ፣ አንዳንዱ መድኃኒት ቅጠሉ ውስጥ ገብቶ ከተክሉ ፈሳሽ ጋር ስለሚዘዋወር በውሃ አይወጣም። በፀረ ተባይ ምዝገባና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 674/2002 መሠረትም ያልተመዘገበና ገላጭ ጽሑፍ የሌለበት ፀረ ተባይ ለሽያጭ ሊቀርብ አይገባም። ጎረቤትዎ በደግነት እንዳደረጉት አልጠራጠርም፤ ሆኖም በውሃ ዕቃ የተቀመጠ መርዝ ልጅ ውሃ መስሎት የሚያነሣው ስለሆነ ዛሬውኑ ልጆች ከማይደርሱበት ያርቁት፤ አወጋገዱንም የቀበሌዎን የግብርና ባለሙያ ይጠይቁ እንጂ ቦይ ውስጥ አይድፉት።

አሁን ወደ ትሉ እንምጣ። አንድ ተባይ ጎጂ መሆን አለመሆኑን የሚወስነው ያደረሰው ቀዳዳ ብዛት ሳይሆን፣ የትኛውን የተክሉን ክፍል በየትኛው ዕድሜው እንደበላ ነው። ጥቅል ጎመን የሚሸጠውም የሚበላውም ጥቅሉ ነው፤ ዙሪያውን የተዘረጉት ሰፋፊ ቅጠሎች ተክሉን መግበው ሲያበቁ ለከብት የሚጣሉ ናቸው። በእነዚህ ላይ የሚታየው ቀዳዳ፣ ከቅጠሉ ስፋት አንድ አምስተኛ ያህሉን እንኳ ቢያጎድል፣ ጤናማና ውሃ በወጉ የሚያገኝ ተክል ከሆነ የጥቅሉን ክብደት ብዙም አይነካውም፤ ያጣውን በአዲስ ቅጠል ይተካዋልና። የጎመኑ ልብ ግን እንደዚያ አይደለም። ገና ሳይጠቀልል መሐል ያለችውን ለጋ እምቡጥ ትል ከበላት፣ ተክሉ ወይ ጭራሽ አይጠቀልልም፣ ወይ በአንድ ትልቅ ጥቅል ፈንታ ጡጫ የሚያካክሉ ሦስት አራት ጥቅሎች ያወጣል።

ስለዚህ ነገ ጠዋት ወደ ጓሮ ሲወጡ ቀዳዳውን ትተው ከየመደቡ አራት አምስት ጎመን ይምረጡና ልቡን በጣትዎ ገለጥ እያደረጉ ይመልከቱ። አረንጓዴ፣ ሁለቱም ጫፉ ሾል ያለ፣ ቢያድግ ከ12 ሚሊ ሜትር ብዙም የማያልፍ ትል ካገኙ በሰንበሌጥ ነካ ያድርጉት። ወደ ኋላው እየተፈራገጠ ከቅጠሉ ወርዶ በቀጭን ክር ከተንጠለጠለ፣ ዳይመንድ ባክ የሚባለው የእሳት እራት እጭ ነው፤ ስሙን ያገኘው እራቷ ክንፏን ስታጥፍ ጀርባዋ ላይ ከሚታየው የአልማዝ ቅርጽ ነው። ይህ ትል የቅጠሉን የታች ፊት እየፋቀ የላይኛውን ስስ ቆዳ ስለሚተወው፣ ቅጠሉ መጀመሪያ ላይ መስኮት የተበጀለት ይመስላል፤ ቀዳዳ የሚሆነው ቆይቶ ቆዳው ሲደርቅ ነው። እኔ በራሴ ጓሮ፣ ከአምስት ልብ በአንዱ ሕያው ትል ካገኘሁ እርምጃ እወስዳለሁ፤ ከዚያ በታች ከሆነ በእጄ ለቅሜ አልፈዋለሁ።

መድኃኒቱ ያልያዘልዎ አያስደንቅም። ይህ ትል መድኃኒት በመላመድ በዓለም ከታወቁት የሰብል ተባዮች በግንባር ቀደምትነት የሚጠራ ሲሆን፣ ዲዲቲን መቋቋሙ ገና እ.ኤ.አ. በ1953 በጃቫ ደሴት ተመዝግቧል፤ ከዚያ ወዲህ የለመዳቸው መድኃኒቶች ብዙ ናቸው። በተከታታይ ሲረጭ ደካማው ትል ይሞታል፤ ብርቱው ተርፎ ይራባል። ከዚህ የባሰው ግን መድኃኒቱ የትሉንና የቅማሉን ጠላቶች አብሮ መጨረሱ ነው። ቅማል ያሉት ባለሙያዎች ክሽክሽ የሚሉት ሲሆን፣ ከርጭቱ በኋላ መምጣቱ አጋጣሚ አይመስለኝም። እንስቷ ያለ ወንድ ሕያው ልጆች ስለምትወልድ፣ የሚበላት ነፍሳት ሲጠፋ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ቅጠሉን ታለብሰዋለች። በጥንቃቄ ቢመለከቱ ከክሽክሾቹ መካከል እንደ ስንዴ ቆሎ ቡናማ ሆነው ያበጡና የማይንቀሳቀሱ ያገኛሉ። እነዚህ ጥቃቅን ተርቦች እንቁላል የጣሉባቸውና ከውስጥ ተበልተው ያለቁ ናቸው፤ በጀርባቸው ላይ ክብ ቀዳዳ ካለ ተርቡ ወጥቶ ሌሎቹን ፍለጋ ሄዷል ማለት ነው። እንዲህ ያለ ቅጠል ሲያገኙ አይቁረጡት።

ክሽክሽ ከትሉ ይልቅ የሚያሳስበኝ ልቡ ውስጥ ሲሰፍር ነው፤ ቅጠሉን ያኮማትረዋል፣ ተክሉን ያጫጨዋል፣ የቫይረስ በሽታም ከተክል ወደ ተክል ያጋባል። ላዩ ላይ ያለው አመድ መሳይ ነገር ሰም ስለሆነ ውሃ ብቻውን ያንከባልለዋል። ስለዚህ በአንድ ሊትር ውሃ አንድ የሾርባ ማንኪያ ፈሳሽ ሳሙና በጥብጠው፣ መጀመሪያ በሁለት ሦስት ቅጠል ላይ ሞክረው ካላቃጠለ፣ የቅጠሉን የታች ፊት ጭምር ያርሱት፤ ኦሞ የምንለው የልብስ ዱቄት ሳሙና ግን ቅጠል ስለሚጠብስ አይሆንም። ለትሉ የግድ መርጨት ካስፈለገ ባሲለስ ቱሪንጂየንሲስ ከተባለው ባክቴሪያ የተሠራ ዝግጅት ይገኝ እንደሆነ ባለሙያውን ይጠይቁ፤ የእሳት እራትና የቢራቢሮ ትሎችን ለይቶ ስለሚገድል ንቡንም ተርቡንም ይተዋል። ፀሐይ ቶሎ ስለምታፈርሰው አመሻሽ ላይ ይረጫል።

አንድ የቀረ ነገር አለ፤ ከአጥሩ ሥር አለ ያሉት የቆየ የሐበሻ ጎመን። ብዙ ቤት ይህ ጎመን ግንዱ እንደ ዱላ እስኪጠነክር ለዓመታት ሳይነቀል ይቆያል፤ ለክሽክሹ ዓመቱን ሙሉ የማይዘጋ ቤት የሚሆነውም እሱ ነው። በክረምት ከባዱ ዝናብ ክሽክሹንም ትሉንም እያጠበ ስለሚያወርዳቸው ቁጥራቸው ይቀንሳል፤ በጋ ሲገባና በመስኖ ሲለማ ከዚያ ግንድ ተነሥተው ወደ አዲሱ መደብ ይሻገራሉ። አሮጌውን ነቅለው በአዲስ ችግኝ ቢተኩት ሦስቱ ርጭቶች ካደረጉልዎ የተሻለ ይጠቅምዎታል ብዬ አምናለሁ። በኅዳርና በታኅሣሥ የቅጠሉ ጠርዝ ተቃጥሎ ቢያገኙ ደግሞ ትል አይፈልጉ፤ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ለተቀመጠች ከተማ ውርጭ እንግዳ አይደለም።

ጥያቄ፦ ሸዋ ሮቢት ላይ በመስኖ ሩብ ሔክታር ሽንኩርት አለማለሁ። ቅጠሉ ብር የተቀባ ይመስል ነጥቷል። በየሳምንቱ አንድ ዓይነት መድኃኒት በፓምፕ እረጫለሁ፤ ተባዩ ግን ከዓይን የማይገባ ትንሽ ሆኖ ሳለ አልጠፋ አለኝ። ይህን የምታህል ነፍሳት እውነት ሽንኩርት ትቀንሳለች?

መልስ፦ ትቀንሳለች። ለደብረ ብርሃኗ ጠያቂያችን ቀዳዳውን ብዙ አትፍሪው ያልኩትን ያህል ለእርስዎ ይህችን ነፍሳት አይናቋት እላለሁ። ትሪፕስ ትባላለች፤ ርዝመቷ ከአንድ እስከ አንድ ተኩል ሚሊ ሜትር ቢሆን ነው። የቅጠሉን ቆዳ እየፋቀች ፈሳሹን ስለምትመጥጥ ባዶ የቀሩት ሕዋሳት አየር ይሞላቸውና ብርማ ይሆናሉ። እያንዳንዱ የሽንኩርት ቅጠል የሚመግበው የታችኛውን ራስ ስለሆነ፣ ራሱ ማበጥ በጀመረበት ወቅት ቅጠሉ ከነጣ ሽንኩርቱ ትንሽ ሆኖ ይቀራል። ያው ጉዳት ቅጠሉ በራሱ ጊዜ ወድቆ ለመነቀል በደረሰ ማሳ ላይ ቢታይ ግን ምርቱ አስቀድሞ ተሠርቶ ያለቀ በመሆኑ መርጨቱ ገንዘብ ማባከን ነው፤ መድኃኒቱንም ከሽንኩርቱ ጋር ገበያ ማውረድ ነው።

በየሳምንቱ ረጭተው ያልጠፋችበትን ምክንያት ለማየት አንድ ሽንኩርት ነቅለው፣ ቅጠሎቹ ከሚገናኙበት አንገቱ ላይ በሁለት እጅዎ ወዲያና ወዲህ ፈልቀቅ አድርገው በፀሐይ ይመልከቱ። ቢጫ ሆነው እንደ ሰረዝ የሚታዩት ትናንሾች እዚያ ስንጥቅ ውስጥ ተጨናንቀዋል፤ የፓምፑ ጠብታ ከሰም ከተቀባው ቅጠል ላይ ተንከባልሎ ይወርዳል እንጂ እዚያ አይገባም። እንቁላሏን የምትጥለው በቅጠሉ ሥጋ ውስጥ ነው፤ ክንፍ ልታወጣ ስትል ያለውን የመጨረሻ ጊዜ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ አፈር ውስጥ ታሳልፋለች። እንግዲህ በአንድ ርጭት የሚገኙት ሜዳ ላይ የተገኙት ብቻ ናቸው፤ የተቀሩት በሳምንቱ ይተኳቸዋል፤ አንድ ዓይነት መድኃኒት ሲደጋገምባቸውም ይለምዱታል።

የምመክርዎ የመድኃኒቱን የንግድ ስም ብቻ ሳይሆን በውስጡ ያለውን ንጥረ ነገር እያዩ፣ በባለሙያ ምክር ወገኑን እንዲያፈራርቁ ነው። ስሙ ተለውጦ ውስጡ ያው የሆነ መድኃኒት በሁለት ጠርሙስ ገዝቶ ቀየርኩ የሚል ገበሬ ብዙ አይቻለሁ። ከመርጨትዎ በፊት ከማሳው አሥር ቦታ ላይ አንገቱን እየፈለቀቁ ይቁጠሩ፤ ቁጥሩ እየጨመረ ካልሄደ ያን ሳምንት ይለፉት። አዲስ ማሳ ከአሮጌ ሽንኩርት ማሳ አጠገብ፣ በተለይም ነፋሱ ከአሮጌው ወደ አዲሱ በሚነፍስበት አቅጣጫ አይትከሉ። ውሃም አያስጠሙት፤ የተጠማ ሽንኩርት ለትሪፕስ ሁለት ጊዜ ይሸነፋል።

በአካባቢዎ ቲማቲም የሚያለማ ካለ ደግሞ ስለ ቱታ አብሶሉታ ያስታውሱልኝ። ከደቡብ አሜሪካ ተነሥቶ እ.ኤ.አ. በ2012 ኢትዮጵያ ውስጥ መኖሩ የታወቀው ይህ የእሳት እራት፣ ትሉ በቅጠሉ ሁለት ቆዳዎች መካከል ገብቶ ቅጠሉን ይቦረቡራል፤ ከዚያ ወደ ፍሬው ይዞራል። ፍሬው ራሱ ስለሚበሳ እዚህ ላይ ትዕግሥት አይሠራም፤ ካልተቆጣጠሩት ማሳውን ሙሉ በሙሉ ሊያጠፋው ይችላል። ለቀማው ሲያልቅ አሮጌውን ተክል ማሳው ላይ አለመተው፣ የተበሳውን ፍሬም ዳር ላይ ከመጣል በጥልቅ መቅበር የመጀመሪያው ሥራ ነው።

ጥያቄ፦ አንኮበር አካባቢ ድንች ስንቆፍር ከበሰበሰው ድንች ውስጥ የመሬት ትልና ሲነኩት የሚጠቀለል፣ እግሩ የማይቆጠር ቡናማ ነፍሳት እናገኛለን። አባቴ እነዚህ ናቸው ድንቹን የጨረሱት ብለው አፈሩ ላይ መድኃኒት ሊያስረጩ ነው። ልክ ናቸው?

መልስ፦ አባትዎ ያዩት እውነት ነው፤ ፍርዱ ላይ ግን ከእሳቸው እለያለሁ። የመሬት ትል ጥርስ የለውም፤ የሞተና የበሰበሰ ነገር ከአፈር ጋር እየዋጠ መልሶ ለም አድርጎ ያወጣዋል። ባለ ብዙ እግሩም ዋና ምግቡ ብስባሽ ነው። ሁለቱም የመጡት ድንቹ ከተበላሸ በኋላ ነው፤ ለቅሶ ቤት የተገኘ ሁሉ ገዳይ አይደለም። አፈሩን መድኃኒት ቢያጠጡት የሚሞቱት በቅድሚያ እነዚህ ናቸው።

የእውነቱን ጠላት ለማግኘት ያልበሰበሰውን፣ ግን የተነካውን ድንች ይመልከቱ። ላዩ ላይ ጣት የሚያስገባ፣ ጠርዙ ያልተስተካከለ ጉድጓድ ካለ ተጠርጣሪዎቹ ሁለት ናቸው፤ አንዱ ነጭ፣ ወፍራምና እንደ ማጭድ የታጠፈ የጥንዚዛ እጭ ሲሆን፣ ሌላው ቆራጭ ትል ነው። ቆራጭ ትል ቀን ከአፈር በታች ተጠቅልሎ ይተኛል፤ ሌሊት ይወጣል። በችግኝ ላይ ግን ከማንኛውም የጓሮ ተባይ የሚከፋው እሱ ነው፤ አንዱ ትል በአንድ ሌሊት ብዙ ችግኝ ከአንገቱ እየቀጨ ይጥላል፤ የተቀጨ ችግኝ ደግሞ እንደ ተበሳ ቅጠል የሚያገግም አይደለም። ጠዋት የወደቀ ችግኝ ሲያገኙ ዙሪያውን በጣትዎ ጥቂት ጫር ቢያደርጉ፣ ጥጋብ እንዳስተኛው ያገኙታል። ድንቹ ውስጥ ቀጭን ቦይ ተቆፍሮ በዓይኑ በኩል ጥቁር ኩስ ከወጣ የድንች የእሳት እራት ነች፤ እሷ የበለጠ የምትበረታው ሞቅ ባለው አገር ሲሆን፣ አፈር በደንብ ማስታቀፍና የተቆፈረውን ድንች ማሳ ላይ አለማሳደር ይከለክላታል። ሥሩ ከታች ተጎትቶ ግንዱ ብቻውን ከተኛና አጠገቡ የአፈር ክምር ካለ ግን ፍልፈል ነው፤ እሱ የሚበላውን በልቶ የተረፈውን ወደ ጉድጓዱ ስለሚያከማች ለዚህ የሚረጭ ነገር የለም፤ ወጥመድ ይፈልጋል። ከሁሉ በፊት ግን በክረምት ቅጠሉን ያጠቆረ በሽታ ነበር ወይ ብለው አባትዎን ይጠይቁልኝ። ነበር ካሉ ድንቹ የበሰበሰው ከተባይ ሳይሆን ከዚያ በሽታ መሆኑ የበለጠ ያመዝናል።

ጥያቄ፦ እኛ መንዝ መሐል ሜዳ አመድ እንነሰንሳለን፤ አንዳንዶች የትምባሆ ውሃ ይረጫሉ። ይጠቅማል?

መልስ፦ ደረቅ አመድ ለስላሳ ገላ ያለውን ተባይ ስለሚያደርቅና ችግኙ ዙሪያ ሲነሰነስ ለቀንድ አውጣ መንገዱን ስለሚያሻክርበት በመጠኑ ይጠቅማል፤ ጤዛ ወይም ዝናብ ሲነካው ግን ጥቅሙ ያበቃል። በብዛት ከተከመረ የአፈሩን ባሕርይ ስለሚለውጥ በእፍኝ ይወሰን። የትምባሆ ውሃ ግን ይቅርብዎ። ኒኮቲን በቆዳ የሚገባ ብርቱ መርዝ ነው፤ ትምባሆውም በቫይረስ የተያዘ ከሆነ በሽታውን ወደ ቲማቲምና ወደ በርበሬ ሊያሻግረው ይችላል።

ጥያቄ፦ አረርቲ የ10ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። እናቴ ዱባውና ጎመኑ ላይ ያሉትን ጥቁር ነጠብጣብ ያለባቸውን ቀያይ ጥንዚዛዎች ለቅሜ እንድገድል አዘዘችኝ። መምህራችን ደግሞ ጠቃሚ ናቸው ብለው ነበር። ማንን ልስማ?

መልስ፦ ሁለቱም ትክክል ሊሆኑ ይችላሉ፤ ጥንዚዛዎቹ ሁለት ዓይነት ናቸውና። ጎመኑ ላይ ያሉት ጀርባቸው እንደ ተወለወለ ጫማ የሚያብለጨልጭ ከሆነ ክሽክሽ በሊታዎች ናቸው፤ አንዱ እጭ እስኪያድግ ድረስ ክሽክሽ በመቶ ቆጥሮ ይበላል። እጩ ከእናቱ ጋር አይመሳሰልም፤ ጠቆር ያለና ብርቱካንማ ነጥብ ያለበት ትንሽ እንሽላሊት ስለሚመስል ብዙ ሰው ተባይ ነው ብሎ ይጨፈልቀዋል። ዱባው ላይ ያሉት ደግሞ ደብዘዝ ያሉ፣ ጀርባቸው በስስ ጠጉር የተሸፈነ፣ እጫቸውም ቢጫና እሾሃም ከሆነ ቅጠል በሊታዎች ናቸው፤ የበሉት ቅጠል ጅማቱ ብቻ ቀርቶ መረብ ይመስላል። ያደገ ዱባ ጥቂቱን ይችለዋል፤ ገና ሁለት ሦስት ቅጠል ያወጣውን ግን ያጠፉታል። ስለዚህ ጎመኑ ላይ ያሉትን ተያቸው፤ የዱባዎቹን ሳሙና ውሃ ባለበት ቆርቆሮ ላይ ቅጠሉን እየነቀነቅሽ አራግፊያቸው። በማለዳ፣ ብርዱ ሳይለቃቸው ቢሆን ይሻላል፤ ከሞቃቸው ይበሩብሻል።